ቦታ የሚይዝ ፍራሽ

ባለቤቴ ተፈራ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ እሱ በእጁ ያሰራቸው ሰባት ጥቅሎች ነበሩ፤ የእንግዳ ፍራሽ፣ የልጆቹ አሮጌ ደብተሮች፣ ያረጀ መጋረጃ፣ የድንኳን ሸራ፣ ሌላም ሌላም። ተፈራ ወጣት ሳለ ዲላ ከተማ የቡና መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ሲቀጠር ጆንያ አሳሪ ነበር፤ ኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆነ። አስተሳሰሩ ግን አልለቀቀውም። የእሱ ቋጠሮ ገመዱን በጎተቱት መጠን ይጠብቃል፤ ሰው በጥርሱ ቢታገለውም አይሆንለትም። የተደበቀችውን ጫፍ ያወቀ ግን በአንድ ጣት ሳብ ሲያደርጋት ሁሉም ነገር ይረግፋል። ለእኔ ያሳየኝ በተጋባን ሰሞን ነው፤ አንድ የሽንኩርት ከረጢት ፊት ቁጭ ብለን ጣቴን ይዞ። "ይቺን ካንቺና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም" አለኝ። ካረፈ በኋላ ከጥቅሎቹ አንዱንም አልነካሁም። ልጄ አያት ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየሟ እየመጣች "እማ፣ ይቺን ክፍል ባዶ እናድርግና አከራያት፤ በጡረታሽ እንዴት ትዘልቂዋለሽ?" ስትለኝ እቆጣት ነበር። ለክፍሏ ሳስቼ አልነበረም። የእጁ ሥራ የቀረው እዚያ ስለነበር ነው፤ ማንም እንዲፈታው አልፈለግሁም።

ሐምሌ ሲገባ የሰፈራችን የጎሮ የመብራት ምሰሶዎች ወረቀት በወረቀት ይሆናሉ። የክረምት ተማሪዎች ናቸው የሚለጥፉት። ዓመቱን ሙሉ በየገጠሩ ሲያስተምሩ የሚከርሙ መምህራን ክረምት ሲሆን ዲግሪያቸውን ለመማር እዚህ አቅራቢያ ወዳለው የመምህራን ኮሌጅ ይመጣሉ፤ ኮሌጁ ለእነሱ ማደሪያ የለውም። ስለዚህ ለሁለት ወር የምትሆን ክፍል ፍለጋ ጃንጥላ ይዘው በጭቃው ይዞራሉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ክንዳቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ማስረጃ አለ። ባየኋቸው ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። እኔም አንዷ ስለነበርኩ ነው።

ዘመኑን በቁጥር ማስቀመጥ አልፈልግም። ዳቦ አሥር ሳንቲም የነበረበት፣ ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበት ለጉልበት የምንጋጭበት ጊዜ ነው። እኔ ዲላ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ባገኘሁት ሰርተፍኬት የተቀጠርኩ። ለክረምት ዲፕሎማ ስሜ ሲወጣ ተፈራ ራሱ ነው የመኪና ቦታ ይዞ የሸኘኝ። አዲስ አበባ ስደርስ የማውቀው ሰው ቦሌ ሚካኤል የሚኖሩ አንድ የእናቴ ዘመድ ብቻ ነበሩ፤ የእሳቸው ቤት ደግሞ በልጅ ብዛት መቆሚያ አልነበረውም። ስመዘገብ ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረችው ከወለጋ የመጣች አስተማሪ ናት። ታደለች ትባላለች፤ ፍንጭት፣ ሳቂታ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች። "ቤት አግኝተሻል?" አለችኝ። "አላገኘሁም።" "እኔም። በይ ተነሺ፤ ሁለት ሆነን ስንለምን ሌባ አይመስሉንም።" እንዲህ ነበር የተዋወቅነው።

ያን ጊዜ ዛሬ ሕንፃ በሕንፃ የሆነው የጎሮ ወገን እርሻ ነበር። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ መሐል መሐል የገበሬዎቹ ቤቶች፣ ቀጥሎ የላሞች መንገድ። ሁለት ቀን ሙሉ ከበር በር ዞርን። አንዱ "ላጤ አናስገባም" ይላል። ሌላው "ባሎቻችሁ የት አሉ?" ይለናል፤ ታደለች "ደመወዝ እየጠበቁ ነው" ትላለች፤ በሩ ይዘጋል። አንዲት ሴት አርባ ብር ስትለን ታደለች "እትዬ፣ ቤቱን ነው ወይስ ላሟን ጨምሮ ነው?" ብላ ውሻ አስለቀቀችብን። በመጨረሻ ጭቃ የጠጣውን ኮንጎ ጫማዬን ይዤ በባዶ እግሬ የደረስኩት አዴ ጫልቱ የሚባሉ ገበሬ ሴት ደጅ ነው። አዴ ጫልቱ አማርኛቸው ጥቂት ነበር። እግሬን አይተው ሳቁ፤ "ኮታ፣ ሴና" ብለው በሩን ከፈቱልን። ኑ፣ ግቡ ማለታቸው ነበር። በወር ሃያ ብር፣ ለእያንዳንዳችን አሥር። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አንዲት መስኮት፣ ከግድግዳው ማዶ የሚያመነዥጉ በሬዎች። ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስለሚያደነቁረን በምልክት ነበር የምናወራው።

ከዚያች ክፍል የበለጠ ደስ ያለኝ ቤት የለም ብል ለተፈራ ቤት ክፉ እናገራለሁ፤ ግን እውነት ነው። አንዲት የላምባ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት የጥጥ ፍራሽ። ፍራሾቹን ገጥመን ነበር የምንተኛው፤ ብርዱ አያስለያይም። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጠላ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። ታደለች ጴንጤ ስለነበረች ዘፈኑ ሲመጣ የራሷን መዝሙር በላዩ ላይ ታንጎራጉራለች፤ ሁለቱ ተደባልቀው አንድ የማይረባ ዜማ ሲሆኑ ሁለታችንም እንስቃለን። ፍልሰታ ሲገባ "በአንድ ድስት እየበላን አንቺ ጾመሽ እኔ ቅቤ ላነጥር?" ብላ አብራኝ አሥራ አምስቱን ቀን ሽሮ ትበላ ነበር። በዚህ የተነሳ የእምነቷ ሰዎች ያሟታል ብዬ ስሰጋላት፣ "ሽሮ ሃይማኖት የላትም" ትለኛለች። አንዲት ባለ አበባ የናይለን ቀሚስ ነበረችኝ፤ ለፈተና ቀን በተራ እንለብሳት ነበር። እሷ ወፍራም ስለሆነች ቀሚሷ ከጎን ትሳባለች፤ እኔ ላይ ደግሞ ትንሳፈፋለች።

ለክረምት ተማሪዎች አንድ ልማድ ነበር። ነሐሴ አልቆ ወደየአገራችን ስንመለስ ፍራሻችንን ጠቅልለን አከራያችን ዘንድ እንተወዋለን። ውል የለ፣ ቀብድ የለ፤ ፍራሹ ነው ቦታ የሚይዘው። ፍራሽሽ ክፍሉ ውስጥ ካለ በሚመጣው ክረምት ቦታሽ የአንቺ ነው፤ ማንም አይነካውም። ፍራሽሽ ውጭ ጣሪያው ሥር ተቀምጦ ካገኘሽው ግን ቦታሽ ሄዷል ማለት ነው። የሚያስረዳሽ ሰው አያስፈልግም፤ አንቺም አትጠይቂም። የጠየቀች ሴት ክብሯን የጣለች ትመስል ነበር። ይሄ ሞኝነት ዛሬ ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሕግ ነበር።

ዲፕሎማው አራት ክረምት ነው። ሦስቱን እንዲህ ጨረስን። አራተኛው ላይ የሁለተኛ ክፍል ፈተና እርማት አቆይቶኝ ከሌሎቹ አንድ ሳምንት ዘግይቼ መጣሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ በዝናብ እየሮጥኩ አዴ ጫልቱ ግቢ ስገባ ፍራሼ ውጭ ነበር፤ ጣሪያው ሥር፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ግማሹ በፍንጣቂ ርሶ። አዴ ጫልቱ እርሻ ሄደዋል። ታደለች ክፍል ገብታለች። በሩን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ናት፤ የእኔ ሚስማር ላይ የእሷ ቀሚስ ተሰቅሏል። "ማንን ፈለግሽ?" አለችኝ። "እዚህ ቦታ ነበረኝ" አልኳት። "ቦታውንማ ታደለች ለኔ ሰጥታኛለች፤ የበፊቷ ትመጣለች አላለችኝም" አለችኝ፤ ምንም ክፋት ሳይኖራት። ስሜን እንኳ አልነገርኳትም። ፍራሼን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ፈለግሁ። ሁሉም ክፍል ተይዟል፤ ያልተያዘው ዋጋው በእጥፍ ጨምሯል። ቦሌ ሚካኤል ዘመዴ ቤት ፍራሹን ፈትቼ በልጆቻቸው እግር ሥር አነጠፍኩት፤ የረጠበ ጥጥ ሽታ ዛሬም ይከተለኛል። በቀን ሁለት ሰዓት እየተጓዝኩ እማራለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ክፍል አንድ ቀን እንኳ አልገባሁም። በአራተኛው ቀን በትኩሳት ወደቅሁ። ዘመዴ የመሳፈሪያ ብር ሰጥተው ወደ ዲላ መለሱኝ። ከኮሌጁ ሳላስፈቅድ በመቅረቴ ስሜ ተሰረዘ፤ በዓመቱ ባመለክትም አልመለሱኝም። እንዲህ ሆኜ በሰርተፍኬት ጡረታ ወጣሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ዲግሪ ይዘው ርዕሰ መምህር ሆነው መጥተው፣ የፈቃድ ወረቀቴን "እትዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ" እያሉኝ ነው የወጣሁት።

ዲላ መናኸሪያ የተቀበለኝ ተፈራ ነው። ፍራሹን ከራሴ ላይ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። እያለቀስኩ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ተራመደና "ሰው እንዲህ ነው፣ ወርቄ። እኔ ልቤ ልጠይቅሽ የመጣሁ ጊዜም አልወደዳትም ነበር" አለኝ። ቤት ሲገባ ውሃ አሙቆ እግሬን አጠበኝ። ይህን አልረሳም። የሠላሳ ዓመት ትዳሬን የምለካው በዚያች ማታ ነበር፤ ሰው ሲከዳኝ እግሬን ያጠበኝ ባል አለኝ እያልኩ። ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርን፤ እሱ አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ገባ፤ በማኅበር ተደራጅተን ጎሮ ላይ ቤት ሠራን። የአዴ ጫልቱ ቤት ከነበረበት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አሁን እዚያ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ የሞባይል መሸጫ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታደለችን ጠላሁ። ሰው ጥላቻውን አይለካም እንጂ ቢለካ ከትዳሬ እኩል ይመዝን ነበር።

በዚህ ክረምት ሐምሌ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። "ማነው?" ስል "ለቅሶ ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰው ከሞተ ከአሥር ወር በኋላም ያልሰማ ዘመድ ይመጣልና ነጠላዬን አስተካክዬ ከፈትኩ። ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ የያዘች ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ከኋላዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች ወጣት አለች። ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት ፍንጭቷን አየሁ።

"ወርቄ" አለችኝ። ከተፈራ ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም።

"ይግቡ" አልኳት። "ይቀመጡ።"

ቁጭ አላለችም። "እርስዎ? እኔን? ሦስት ክረምት በክርንሽ ጎኔን ስትደበድቢ ያደርሽ ሴትዮ ዛሬ 'ይቀመጡ' ትይኛለሽ?"

"ለቅሶ የመጣን ሰው በክብር ነው የምቀበለው።"

"ደግ። ጌታ ያጽናሽ። በክብር ተቀበይኝ እንግዲህ።" ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥቂት አለቀሰች። ልማዱን ለማድረስ ያለቀሰች አልመሰለኝም። ከዚያ እንደ ድሮዋ ሳታስበው ተናገረችው፦ "መዋሸት አልችልበትም፤ ጉዳይም አለኝ። ማረፉን የሰማሁት በግንቦት ነው። ልምጣ አልምጣ ስል ሰነበትኩ። ከዚያ ይቺ የእህቴ ልጅ፣ ሩት፣ ለክረምት ተማሪነት ስሟ ወጣ። ሦስት ቀን ዞረን ቤት አጣን። እኔ አሁን አምቦ ነው የምኖረው፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። አንቺ ጎሮ ነሽ አሉኝ። ለሁለቱም ነገር መጣሁ። አፈርኩም።"

ልጅቷ ዕድሏን ለመሞከር ነው መሰለኝ ፈገግ አለች። "እማማ፣ ደላላው ስቱዲዮ አገኘሁልሽ ብሎኝ ወሰደኝ። ሄጄ ሳየው የጥበቃ ቤት ነው። ጥበቃው ውስጡ ተኝቷል! 'እሱ በቀን አይኖርም፣ ሼር ታደርጉታላችሁ' አለኝ።"

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

"ሌላው ሰባት ሺህ አለኝ፤ የስድስት ወር ቅድሚያ። እኔ ሁለት ወር ነው የምቆየው። ትምህርት ሰኞ ይጀምራል። ባሌ ደግሞ…" ብላ አክስቷን አየች።

"ንገሪያት" አለች ታደለች።

"'እስከ እሑድ ቤት ካላገኘሽ አትቸገሪ፣ ነይ ተመለሺ' ብሎኛል። በየሰዓቱ ይደውላል። 'አገኘሽ?' ይለኛል፤ 'አላገኘሁም' ስለው ደስ የሚለው ይመስለኛል።"

ያኔ ቁጣዬ ገነፈለ፤ በልጅቷ ሳይሆን በአክስቷ ላይ። "የሚገርም ነው" አልኩ። "የእኔን ፍራሽ ዝናብ ላይ አውጥተሽ ጥለሽ፣ ዛሬ ለእህትሽ ልጅ ከእኔ ቤት ትለምኛለሽ?"

ታደለች አፏን ከፍታ አየችኝ። "እኔ? እኔ ነኝ ያወጣሁት?"

"ታዲያ ማን ነው?"

"ባልሽ አይደለም እንዴ!"

ለቅሶ ቤት ተቀምጣ የሟችን ስም እንዲህ በማንሳቷ ራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን "ንገሪኝ" አልኳት። ነገረችኝ። ያን ዓመት እሷ ቀድማ ነበር የመጣችው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ተፈራ ከቡና ጭነት መኪና ወርዶ ወደ አዴ ጫልቱ ግቢ ገባ፤ ቡናማ ካፖርቱን ለብሶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብርቱካን ይዞ። ፍራሼ ላይ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። "ወርቅነሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪም መንገድ ከልክሏታል። ትምህርቱን ተወችው። ቦታዋን ለሌላ ስጪው" አላት። "ልጻፍላት ስለው፣ 'አትጻፊላት፤ የትምህርት ነገር ከተነሳባት ታለቅሳለች፤ ለሆዷም ጥሩ አይደለም' አለኝ። ለአዴ ጫልቱም በኦሮምኛ ነገራቸው። መረቁሽ። እኔም ጸለይኩልሽ፣ ወርቄ፤ ለሆድሽ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ነው የጸለይኩት።"

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

"ለምን አልጻፍሽልኝም?" አልኳት፤ መልሱ ገና ሳይመጣ እየታወቀኝ።

"ጻፍኩልሽ እንጂ! ትወልጃለሽ ባልኩበት ጊዜ አንድ፣ ዲፕሎማ የተቀበልን ጊዜ አንድ። በመጋዘኑ ፖስታ ሣጥን ቁጥር፤ አንቺው የሰጠሽኝ ቁጥር። መልስ ሳጣ፣ 'ወለደች፣ ረሳችኝ' አልኩ።"

የዚያ ሣጥን ቁልፍ ተፈራ ቀበቶ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ሲራመድ ያንሿሿ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ መምጣቱን የማውቀው በእሱ ነው።

እሷን ላለማመን ብዙ ጣርኩ። "ሰው ተመሳስሎብሽ ይሆናል" አልኳት። "ሰው ነው የሚመሳሰለው፤ ካፖርት ለብሶ፣ ስምሽን ጠርቶ፣ ፍራሽሽን የሚያስር ሰው ይመሳሰላል?" አለች። "ራሱ ጠቀለለው። በመልስ መኪና ይዤው እሄዳለሁ ብሎ ጠፍሮ ደጅ አወጣው። መኪናው ሊያመልጠው ሲል ትቶት ሮጠ። እኔማ ላስገባው ብዬ ነበር፤ ገመዱን እንኳ መፍታት አቃተኝ። ምን ዓይነት ቋጠሮ እንደሆነ! አዴ ጫልቱ በማጭድ እንቁረጠው ሲሉኝ፣ ሰው ልኮ ያስወስደዋል ብዬ ተውኩት።"

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። ቦሌ ሚካኤል ዘመዴ ቤት፣ በልጆቹ እግር ሥር፣ ትኩሳቱ እየጀመረኝ፣ በረጠበው ገመድ ላይ ጣቴን አስገብቼ ሳብ ሳደርግ ሁሉም ሲረግፍ አየሁት። በጥርሴ አልታገልኩም። ማጭድም አልፈለግሁም። በአንድ ጣት ነው የፈታሁት። ታደለች መፍታት ያቃታትን ገመድ እኔ እንዴት ፈታሁት ብዬ ያን ቀን አልጠየቅሁም፤ በበነጋው አልጠየቅሁም፤ ሠላሳ ዓመት አልጠየቅሁም። ጣቴ ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

"ነገ ተመለሱ" አልኳቸው። ሻይ እንኳ አላቀረብኩም። ታደለች ስትወጣ "አልመጣም ነበር፤ ይሄን አታውቂም ብዬ አላሰብኩም" አለች። በሩ ላይ ቆማ ጃንጥላውን ለማቃናት ስትታገል በመስኮት አየኋት፤ ላግዛት አልወጣሁም።

በበነጋው ጠዋት ሰርቪስ ክፍሏን ከፍቼ ገባሁ። ከደብተሮቹ ጀመርኩ። ጫፏን ፈለግሁ፣ ሳብኩ፣ ረገፈ። መጋረጃውን። ሸራውን። የምፈልገው ሁለት ደብዳቤ ነበር። የቴምብር ወረቀት፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የእኔው የማሠልጠኛ ሰርተፍኬት በላስቲክ ተለብጦ ተገኘ። ደብዳቤዎቹ የሉም። አስቀምጧቸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያስቀመጠ ሰው አንድ ቀን ልነግራት አስቧል ብዬ እጽናና ነበር። ተፈራ ግን ምንም የማይጥል ሰው ነበር፤ የሰባት ዓመት የውሃ ደረሰኝ ያሰረ ሰው እነሱን ብቻ ጣላቸው።

ለምን እንዳደረገው ሳስብ ከረምኩ። ዲፕሎማ ይዤ እንዳልበልጠው ፈርቶ ይሆናል፤ እሱ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ክረምቱ ብቻውን መሆን ሰልችቶት ይሆናል። ለራሴ እየመለስኩ ለራሴ እከራከራለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። መጥፎ ሰው አልነበረም። እጁን አላነሳብኝም፣ ልጆቹን አስተምሯል፣ ስታመም አስታሟል። ሲሞት እጄን ይዞ ነው የሞተው። ያን ሁሉ ጊዜ አብረን ቁጭ ብለን ታደለችን ሳማት ይሰማኝ ነበር፤ "ተያት፣ እግዜር ይክፈላት" ይል ነበር። ይሄኛው ነው የማይወጣልኝ። ፍራሹን ይቅር እላለሁ። በእኔ አፍ ሰው እያሳማ ሻዩን መጠጣቱን ግን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

የመጨረሻው ጥቅል የእንግዳው ፍራሽ ነበር። ስፖንጅ ነው፤ ሊታመም ሰሞን ነው ያሰረው፤ ቋጠሮው ትንሽ ላልቷል። ጣቴን አስገብቼ ሳብ አደረግሁ። ፍራሹ ተንፍሶ ተዘረጋ። ወለሉን ጠርጌ አነጠፍኩትና አንሶላ አለበስኩት። ታደለችና ሩት ሲመጡ በሩ ክፍት ነበር።

"ስንት ነው፣ እማማ?" አለች ሩት ፈራ እያለች።

"አሥር ብር" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ታደለች ግን አልሳቀችም፤ ግድግዳው ላይ ተደግፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ኋላ ላይ በሌላ ዋጋ ተስማማን፤ ልጅቷ ከደመወዟ የምትችለውን። የልጅቷ ስልክ ወዲያው ጮኸ። "አገኘሽ?" ሲል ከሩቅ ይሰማኛል። "አገኘሁ!" አለችው። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ዝምታውን አውቀዋለሁ።

ታደለች ሦስት ቀን አድራ ወደ አምቦ ተመለሰች። እንደ ድሮው ሆንን አልልም፤ አልሆንም። ሁለት አሮጊቶች ተቀምጠን ስንት ነገር እንዳለፈን ስንናገር ጨዋታው መሐል ላይ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ "ያቺን የናይለን ቀሚስ ምን አደረግሻት?" አለችኝ። "ዲላ እያለሁ ለአቧራ መጥረጊያ ቀደድኳት፤ አንቺን አስቤ" አልኳት። "ይገባኛል፤ በኔ ጎን ነበር የምትሳበው" አለች። በዚህ ብቻ ከልባችን ሳቅን።

ልጆቼ ለሙት ዓመቱ የሚነበበውን የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ አዘጋጅተው እንዳየው አመጡልኝ። ጥሩ ጽፈዋል። ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለቤቱ የሚደክም፤ ሁሉም እውነት ነው። መሐል ላይ "ባለቤቱን ክረምት ክረምት ኮሌጅ እየላከ ያስተማረ" ይላል። እሱ ነበር እንዲህ እያለ የሚነግራቸው። እስክሪብቶ አንስቼ ያቺን መሥመር ሰረዝኳት። ልጄ "እማ፣ ይሄንን ለምን? በጣም የሚወደው ነገር ነበር እኮ" አለችኝ። "ሌላው ይበቃዋል" አልኳት። የቀረውን እዚህ እየጻፍኩት ነው። በቀን አንድ ገጽም አይሞላልኝም፤ ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ስለ እሱ እያለቀስኩ፣ በእሱ ላይ እየጻፍኩ። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ሩት ፈተናዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ሄደች። ጠዋት ፍራሹን ጠቅልላ ክፍሉ መሐል አቁማው፣ "እማማ፣ ለሚመጣው ክረምት ለሌላ ሰው ያከራዩታል?" አለችኝ።

"ፍራሽሽ እዚህ ካለ ቦታሽ ያንቺ ነው።"

"ምናልባት ባልመጣስ? ባሌ…"

"ስሚኝ፣ ልጄ" አልኳት። "ባልሽ መጥቶ ቢነግረኝ አልሰማም። ወንድምሽ ቢመጣ፣ ብርቱካን ይዞ ቢመጣ፣ ታማለች ቢለኝ፣ ወልዳለች ቢለኝ አልሰማም። አንቺ ራስሽ በአፍሽ 'ትቼዋለሁ' እስክትዪኝ ድረስ ይሄን ፍራሽ ማንም ከዚህ ክፍል አያወጣውም።"

ልጅቷ ለምን ይህን ያህል እንዳመረርኩ ሳይገባት አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከሄደች በኋላ ገመዱን አንስቼ ፍራሹን አሰርኩት። የተፈራን አስተሳሰር እጄ ያውቀዋል፤ ሊጀምረውም ፈልጎ ነበር። ተውኩት። እንደ ማንኛውም ሴት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቋጠርኩት። ወፍራምና አስቀያሚ ሆነ፤ ሁለቱም ጫፎች ውጭ ይታያሉ። ሰው ሁሉ ሊፈታው ይችላል፤ ጊዜ ግን ይፈጅበታል፣ ሲፈታውም እሰማለሁ።